የዊንድሁኩ ፈረሰኛ መነሳት ነበረበት?

መንገደኛዋ፦ ጓዶች፣ በሚቀጥለው ወር በናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ሦስት ቀን አለኝ። አንዱን ቀን ለመሀል ከተማው ሰጥቻለሁ። ድሮ ፎቶ ላይ ፈረስ የተቀመጠ ጀርመናዊ ወታደር ሐውልት አይቼ ነበር። አሁን የለም አሉኝ። ለምን ያነሱታል? ታሪክ አይደል እንዴ?

የታሪክ ተማሪ፦ የማን ታሪክ? ያ ፈረሰኛ በ1912 የቆመው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጀርመን አገሪቱን በቅኝ ስትገዛ፣ ከ1904 እስከ 1908 በነበረው ጦርነት ለሞቱ ጀርመኖች ነው። በዚያው ጦርነት በአስር ሺዎች ላለቁት የአገሬው ሕዝቦች፣ ለሄሬሮና ናማዎች፣ አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈላቸውም። በ2013፣ በፈረንጆቹ ገና ዕለት ተነሳ። ደግ አደረጉ።

ሻንጣ፦ በቦታው ምን መጣ? ሰሜን ኮሪያዎች የሠሩት የነጻነት ሙዚየም! የከተማው ሰው ራሱ «ቡና ማፍያ» እያለ ይቀልድበታል። የበርሊኑን አውርዶ የፒዮንግያንጉን መስቀል ምን ይሉታል?

የታሪክ ተማሪ፦ ሕንፃው ካስጠላህ ስለ ሕንፃው እናውራ። ደጃፉ ላይ በሐውልት የቆሙት ግን ኑጆማ ናቸው፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት።

ጋሽዬ፦ ልጆች፣ ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ናሚቢያን ያኔ ትገዛ የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን በ1960 ዘሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የከሰሱት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ናቸው። ስድስት ዓመት ካመላለሳቸው በኋላ ፍርድ ቤቱ «እናንተን አያገባችሁም» ብሎ ሸኛቸው። ሐውልቱን ግን እኔ ብሆን አላነሳውም። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ፋሽስት የተከለውን ደረጃ እኛ መቼ አፈረስነው? አናቱ ላይ አንበሳ ጉብ አደረግንበት፣ አለቀ።

የታሪክ ተማሪ፦ ጋሼ፣ አንበሳውን እኔም እወደዋለሁ። ግን እኛ ጣልያንን በአምስት ዓመት አስወጥተን ነው የቀለድንበት። ጀርመን ግን የሄሬሮና ናማዎቹ እልቂት ዘር ማጥፋት ነበር ብላ ያመነችው በ2021 ነው። በ30 ዓመት 1.1 ቢሊዮን ዩሮ እሰጣለሁ አለች። ካሳ የሚለውን ቃል ግን ሸሸችው። ብዙ ሄሬሮና ናማዎችም «ያለ እኛ ተደራድራችሁ» ብለው አልተቀበሉትም። እንዲህ ባለበት እንዴት ይቀለዳል?

ጋሽዬ፦ እሱስ ልክ ነህ። ተረታሁ ግን አላልኩም!

ሻንጣ፦ እሺ፣ እዚያው አጠገብ ያለው የጀርመኖቹ ቤተ ክርስቲያንስ? ውስጡ የሞቱ ወታደሮቻቸው ስም በሰሌዳ ተደርድሯል። እሱም ይነቀል?

የታሪክ ተማሪ፦ አይነቀል። ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ፈልጎ ያነበዋል። ፈረሰኛው ግን ኮረብታ ላይ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል ነበር የሚያየው።

መንገደኛዋ፦ በቃ፣ ጠዋት ሰሌዳውን አነባለሁ፣ ከዚያ ቡና ማፍያው። ፈረሰኛውን አልተ ፌስተ ምሽግ ግቢ ውስጥ አስገብተውታል አሉ፤ ካሳዩኝ አየዋለሁ። በማግስቱ ካቱቱራ። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮቹን ከመሀል ከተማ አፈናቅለው ያሰፈሩበት ነው። ስሙ በሄሬሮኛ «መኖር የማንፈልግበት» እንደማለት ነው አሉ።

ሻንጣ፦ እዚያ ገበያ ካፓና ብይ። ከፍም ላይ እያነሱ የሚቆርጡልሽ ሥጋ ነው። ሚጥሚጣሽን ያዢ ልልሽ ነበር፣ የራሳቸው አላቸው።

ጋሽዬ፦ ብትይዥም አይጎዳሽም።