የቡና እድፍ፣ ቢጫ ጥርስና አንድ ግራጫ የፊት ጥርስ፦ ከሰርግ በፊት ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ ሙሽራ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርጌ ጥር 20 ነው፣ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ጥርሴ ወደ ቢጫ ያደላል፤ በታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባና በየመሃላቸው ቡናማ እድፍ አለ። ከላይ ካሉት ሁለት ትልልቅ የፊት ጥርሶች አንዷ ብቻዋን ግራጫ ሆናለች፤ ልጅ ሆኜ ወድቄ የተመታች ናት፣ ሕመም ግን የላትም። የጎኗ ጥርስ ጥጉ ላይ ተሞልቷል። ቡና በቀን ሦስቴ እጠጣለሁ። አንድ የውበት ሳሎን በሰማያዊ መብራት በአንድ ሰዓት አነጣለሁ ይላል፤ ጓደኞቼ ደግሞ ሎሚና ቤኪንግ ፓውደር ይበቃሻል ይሉኛል። ሐኪሞች ምን ይመክራሉ? ደሴ መውጣት ካስፈለገ እወጣለሁ። እጮኛዬ ወንጂ ነው ያደገው፣ ጥርሱ ላይ ነጭና ቡናማ ነጠብጣብ አለበት። ለእሱም ያው ይሠራል?

መልስ፦ ሐኪም ከጦሳ ሥር

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ከሁሉ በፊት ግራጫዋን ጥርስ ራጅ አስነሺ። ብቻውን የጠቆረ ጥርስ ነገሩ ያለው ከውስጥ ነው። ሲመታ ውስጡ ያለው የደም ሥር ይበጠስና ደሙ ወደ ጥርሱ አካል ይሰርጋል፤ ነርቩም ሞቶ ሊሆን ይችላል። ሳያምም ሥሩ ጫፍ ላይ መግል የሚቋጥር ጥርስ ብዙ ነው። ዝም ብሎ ከውጭ የሚያነጣ ጄል ቢቀባ ጎረቤቶቿ ይነጡና እሷ ይብስ ጎልታ ትወጣለች።

ነርቩ ከሞተ ሩት ካናል ይሠራል፣ ማለትም የሞተው ነርቭ ወጥቶ ሥሩ ይሞላል። ከዚያ ከጥርሱ ጀርባ በተከፈተው ቀዳዳ ሶዲየም ፐርቦሬት በውሃ ተለውሶ፣ እንደ እርጥብ አሸዋ ሲሆን፣ ውስጡ ይቀመጥና በጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋል። ከ3 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ይቀየራል፤ ጥቂት ዙር ሊፈልግ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከማስገባቱ በፊት የሥሩን ሙሌት አፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል በሲሚንቶ መድፈን አለበት። ይህ ከተዘለለ መድኃኒቱ በጥርሱ አንገት በኩል ይሰርግና ከዓመታት በኋላ ሥሩ ከውጭ እየተበላ ሊሄድ ይችላል። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቡናማው እድፍ ማንጣት አይፈልግም፣ መታጠብ ነው የሚፈልገው። በስኬሊንግ ማሽን ታርታሩ (ጥርስ ላይ የደረቀው ቆሻሻ) ይነሣል፣ ከዚያ በፖሊሽ ይለሰልሳል። "ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል" የሚባለውን አትስሚ። በጥርሶቹ መሃል ቦታ ይዞ የነበረው ታርታር ሲነሣ ክፍተት ይታያል፣ ምላስም ባዶነቱን እስኪለምድ ጥቂት ቀን ይወስዳል፤ ያነቃነቀው ግን ታርታሩና የድዱ ቁስለት ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከእጥበት በኋላ መስታወት አይቶ ማንጣቱን የሚተወው ሰው ብዙ ነው።

ከታጠብሽም በኋላ ቢጫነቱ ካስጨነቀሽ እኛ የምንመርጠው 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ጄል በጥርስሽ ልክ በተሠራ ማቀፊያ ነው። 10 በመቶው ሲፈርስ የሚሰጠው 3.5 በመቶ ገደማ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ዝግ ያለ ቢሆንም ጥርስ ላይ አይጨክንም። ለሁለት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ይደረጋል።

የሰርግሽን ቀን ወደ ኋላ ቁጠሪ። እጥበቱና ራጁ በዚህ ሳምንት ይለቁ። ድድሽ እስኪያገግም አራት አምስት ቀን ስጪው፣ ከታኅሣሥ 21 ገደማ ጄሉን ጀምሪ፣ ጥር 4 ላይ አቁሚ። የጥርስ ሙሌት በጄል አይነጣም፣ ስለዚህ ቀለሙ ካልገጠመ ሙሌቱ ይቀየራል። ግን ጄሉ ካበቃ በኋላ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው፤ ጥርሱ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን አዲሱን ሙሌት በደንብ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ይህም ጥር 18 ይሆናል፤ ቀጠሮውን ካሁኑ ያዢ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ማንጣቱ ይቆይ።

መልስ፦ የሰኞ ገበያው

ሐኪሞቹ ነገር ያንዛዛሉ። ሳሎኑ በአንድ ሰዓት ያነጣዋል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

መልስ፦ ሐኪም ከጦሳ ሥር

ወንድሜ፣ ያየኸው ንጣት ግማሹ ድርቀት ነው። አፍ ለአንድ ሰዓት ተከፍቶ ሲቆይ ጥርስ ይደርቃል፣ የደረቀ ጥርስ ደግሞ ነጭ ይመስላል። ውሃውን መልሶ ሲጠጣ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። መብራቱም ለዘለቄታው የሚጨምረው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚያነጣው ጄሉ ነው። ክሊኒክ ውስጥም ከ25 እስከ 40 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንጠቀማለን፤ ግን ድዱ በሚጠነክር መከላከያ ተሸፍኖ፣ ከንፈሩ ተይዞ፣ በ15 በ20 ደቂቃ ዙር ነው። ድድ ሳይሸፈን ይህ ጄል ቢነካው ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ6 በመቶ በላይ ለዚህ ሥራ አይፈቀድም፤ ከ0.1 እስከ 6 በመቶ ያለውም የመጀመሪያው አጠቃቀም በጥርስ ሐኪም ነው፣ ከ18 ዓመት በታች ላለም አይሰጥም። ሳሎኑን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጄሉ ስንት በመቶ ነው? ድዱን በምን ትሸፍናላችሁ? መልስ ከሌላቸው ተነሥቶ መውጣት ነው።

መልስ፦ ፋርማሲስት ከፒያሳ

ሎሚውን ተይው። የጥርስ ሽፋን ከ5.5 ፒኤች (የአሲድ መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) በታች መሟሟት ይጀምራል፣ የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ ነው። ጥርስሽ ሲጠርስ የሚሰማሽ ስሜት ምልክቱ ነው፤ የሟሟው ሽፋን ደግሞ አያድግም። ሽፋኑ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቢጫው ክፍል ይበልጥ ይታያል፣ ማለትም ሎሚ በመጨረሻ ቢጫ ያደርጋል። ሎሚ የነካው ጥርስ 30 ደቂቃ ሳይቆይ አይቦረሽም። ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደርም አንድ አይደሉም፤ ፓውደሩ አሲድ የተጨመረበት የዳቦ ማስነሻ ነው። ሶዳው ብቻውን ለስላሳ ስለሆነ የላይ እድፍ ያነሣል፣ ከዚያ አያልፍም። የከሰል ዱቄት ይፍቃል፣ በሙሌት ጠርዝም ገብቶ ጥቁር መስመር ይተዋል። መፋቂያ ጥሩ ነው፤ ጥርሱን ከድድ ወደ ጫፍ ፋቂ፣ አግድም አትሞርጂ።

ጄል ስትገዢ ማብቂያ ቀኑንና ያለበትን ቦታ እዪ። ፐርኦክሳይድ በሙቀት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ኮምቦልቻ ፀሐይ ከሚመታው መደርደሪያ የወጣ ጄል ላይ ገንዘብሽን አታፍስሺ። ክሎርሄክሲዲን የአፍ መጉመጥመጫ ከሁለት ሳምንት በላይ የምትጠቀሚ ከሆነም እድፉ ከእሱ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሪው።

መልስ፦ የጥርስ ላብራቶሪ

ማቀፊያው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው ለስላሳ ላስቲክ ይሠራል፣ ጠርዙ የድዱን መስመር ተከትሎ ይቆረጣል። ድድሽን ከቆነጠጠሽ መልሰሽ አምጪው፣ በመቀስ አትሞክሪ። በፊት በኩል በየጥርሱ ጉድጓድ የምስር ፍሬ የምታህል ጄል ብቻ አኑሪ፤ የተረፈውን ከድድሽ ላይ በጥጥ ጥረጊ። ብዙ ማድረግ ቶሎ አያነጣም፣ ድድ ብቻ ያቃጥላል። ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፤ ሙቅ ውሃ ቅርጹን ያጣምመዋል።

ሙሽራ ከኮምቦልቻ

አላህ ይስጣችሁ። ቢያንገበግበኝስ? የእጮኛዬስ ነገር?

መልስ፦ ሐኪም ከጦሳ ሥር

ካንገበገበሽ አንድ ሌሊት ዝለዪና ቀጥዪ። 5 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት ያለው የጥርስ ሳሙና ከአሁኑ ጀምሪ፤ ሲብስ ማቀፊያው ውስጥ አድርገሽ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ያዢው። ቡና አቁሚ ብዬ ወሎ ላይ አልደፍርም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን በአቦሉ ይብቃሽ፣ ጠጥተሽም በውሃ ተጉመጥመጪ።

የእጮኛሽ የፍሎራይድ ጉዳት ይመስላል። ወንጂና መተሐራ አካባቢ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በላይ ሆኖ የቆየ ነው። ጉዳቱ ጥርሱ በድድ ውስጥ ሲሠራ የደረሰ ስለሆነ አሁን ውሃ መቀየሩ ነጠብጣቡን አያጠፋውም። ጄል ብቻውን ሲደረግ ነጩ ነጠብጣብ መጀመሪያ ይብስ ሊጎላ ይችላል፤ ይህን ቀድሞ ይወቀው። ቡናማው ከላይ ከሆነ በአሲድና ደቃቅ ብናኝ ባለው ቅባት የሽፋኑ ስስ ንብርብር ይፋቃል፣ ማይክሮአብሬዥን ይሉታል። ጥርሱ የተቦረቦረ ከሆነ ግን በሙሌት መሸፈን ነው። ለሰርጉ አትቸኩሉበት፤ የእሱ ከሰርጉ በኋላ ቢጀመር ይሻላል።