የቪትዝ የኋላ መስታወት ማሞቂያ አልሠራ አለኝ፤ ውርጩ ደግሞ መጥቷል

ባለጋቢው፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 2001 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ጭኜ በሳምንት ሦስቴ ወደ ደብረ ሲና እወርዳለሁ። የታኅሣሥን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መኪናዋን ነጭ ነጠላ ለብሳ ነው የማገኛት። የፊቱን በካርድ ፍቄ፣ ሞተሩን አሙቄ እንደምንም አስለቅቀዋለሁ። የኋላው ግን ወይ ፍንክች። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲጨመርበት ከኋላዬ ሲኖትራክ መኖሩን የማውቀው በጡሩምባው ነው።

ማብሪያውን ስጫን ክሩስኮቱ ላይ ብርቱካናማዋ መብራት ትበራለች፤ መስታወቱ ላይ ግን አንድም መስመር አይሞቅም። ፊውዙን አውጥቼ አየሁት፣ ደህና ነው። ባለፈው ክረምት ጥቁር ስቲከሩን በምላጭ አስልጬው ስለነበር አንድ መካኒክ «መስመሮቹ ተቆርጠዋል፣ መስታወቱን ቀይር» አለኝ። የጠራልኝን ዋጋ አልነግራችሁም። አማቴ ደግሞ «ሙቅ ውሃ ድፋበት» ይላሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? (የላይኛው የፍሬን መብራትም ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል፤ እሱን ችላ ብዬዋለሁ።)

የሰንዳፋው፦
ሙቅ ውሃውን ተወው! እኔ አንድ ጠዋት ቸኩዬ ከጀበና የተረፈውን ደፋሁበት፤ የፊት መስታወቴ ቋ ብሎ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ማታ ማታ አሮጌ ብርድ ልብስ አልብሳት። ብርድ ልብስ መቼም አንተን አይቸግርህም።

ሽቦ ፈታሽ፦
ወንድሜ፣ መስታወቱን አትቀይር። መስመሮቹ ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ሰፋፊ ቋሚ መስመሮች ጋር እያንዳንዳቸው ለየብቻ ነው የተያያዙት። ምላጭ አንዱን ቢቆርጠው አንዱ ብቻ ይሞታል፣ የቀሩት ይሞቃሉ። ሁሉም አብረው ከሞቱ ኤሌክትሪኩ መስታወቱ ጋ አልደረሰም። የክሩስኮቷ መብራት ማብሪያው መታዘዙን እንጂ መስታወቱ መሞቁን አትመሰክርም።

ዋናውን ነገር የነገርከን በቅንፍ ውስጥ ነው። የፍሬን መብራቱም የማሞቂያውም ሽቦ ወደ ኋላው በር የሚሻገሩት ማጠፊያው አጠገብ ባለችው ጥቁር የላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር እዚያች ውስጥ ይታጠፋሉ። አንተ ጋቢ ስትጭንና ስታወርድ በቀን ስንቴ ነው የምትከፍተው? ሽቦው ይደክምና ይበጠሳል፤ ላስቲኩ ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም።

ሞተሩን አስነስተህ ማሞቂያውን አብራ። ቴስተርህን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ መስታወቱ ላይ በግራ በኩል ሽቦው የሚሰካበት ብረት ላይ፣ ሌላውን በቀኙ ላይ አስነካ። 12 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየህ እኔ ተሳስቻለሁ። ዜሮ ከሆነ ላስቲኩን ከሁለቱም ጫፍ ንቀለው።

ስትቀጥል ጠምዝዘህ በፕላስተር አትጠቅልል። ይሄ ነገር ከ10 እስከ 20 አምፒር ይጎትታል፣ የላላ ቅጥያ ደግሞ ይግላል። ባትሪውን ነቅለህ፣ ክሩ የበዛ ለስላሳ 2.5 ካሬ ሽቦ ጨምር። ብየዳው ከሚታጠፈው ቦታ ውጭ ይሁን፤ ሶልደር የነካው ሽቦ ስለሚደርቅ እዚያው ታጥፎ እንደገና ይበጠሳል። ፊውዙን በትልቅ የሚተካ ሰው ከመጣ ደግሞ ቡና ጋብዘህ ሸኘው።

ባለጋቢው፦
ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ቴስተሩ ዜሮ አለ። ላስቲኩን ስገፋው ሦስት ሽቦ ተበጥሶ አገኘሁ፤ አራተኛው በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። እሑድን ሙሉ እሱው ላይ ዋልኩ። ዛሬ ጠዋት በአሥር ደቂቃ መስታወቱ እንደ ማበጠሪያ እየተሰነጠረ ጠራ፤ የፍሬን መብራቱም አብሮ ተነሣ። ሁለት መስመር ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደደፈረሱ ቀሩ። እነሱ የምላጩ ናቸው መሰለኝ።

ሽቦ ፈታሽ፦
ናቸው። ማሞቂያውን አብርተህ የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ከቦዲ ጋር አገናኝ፤ መስመሩን እንዳይጭረው የቀዩን ጫፍ በኩሽና ፎይል ጠቅልልና ከፖዘቲቩ ጎን ጀምረህ በመስመሩ ላይ ቀስ እያልክ ግፋ። ደህናው መስመር 12፣ መሐሉ ላይ 6 ገደማ፣ ወደ መጨረሻው ዜሮ እያለ ይወርዳል። የተቆረጠው 12 እንዳለ ይቆይና ድንገት ዜሮ ይላል፤ የዘለለበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ። ከዚያ አጥፍተህ በአልኮል ጥረገው፣ ከላይና ከታች ፕላስተር ለጥፈህ በመሐሉ የብር ብናኝ ያለበትን፣ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን የመስመር መጠገኛ ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ አድርገህ ቀባ። 24 ሰዓት ሳይሞላው አታብራ። ከእንግዲህ ስትወለውልም በመስመሮቹ አቅጣጫ እንጂ አቋርጠህ አይሁን።

የሰንዳፋው፦
ብርማ የጥፍር ቀለም አይሆንም? የባለቤቴ አለ።

ሽቦ ፈታሽ፦
ያምራል፤ ኤሌክትሪክ ግን አያሳልፍም። የባለቤትህን መልስላት።

ባለጋቢው፦
ቀለሙን ዱባይ ያለው ወንድሜ ለገና ሲመጣ ይዞልኝ ይመጣል። እስከዚያው በሁለቱ መስመሮች መሐል ሲኖትራኩ ይታየኛል።