ጥቆማ፦ ከስትሮክ በኋላ አኩፓንክቸር የት ጥሩ ነው?

ማሂ፦ እማዬን ስትሮክ ከመታት አራተኛ ወሯ ነው። በከዘራ መራመድ ጀምራለች። ግራ እጇ ግን አይጨብጥም፣ ትከሻዋም ሌሊት አያስተኛትም። ፊዚዮቴራፒ ቤት ድረስ ይመጣላታል። አኩፓንክቸር፣ ያን በቀጫጭን መርፌ የሚደረገውን የቻይና ሕክምና፣ ልጨምርላት ብዬ ነበር፤ አዲስ አበባ የት ይሻላል?

የቃሊቲ ልጅ፦ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል! ሌላ እንዳትጠይቂ። የቻይና ሐኪሞች አሉ። ቻይና እኮ ለኢትዮጵያ ሐኪም መላክ የጀመረችው በፈረንጆቹ 1974 ነው። የአክስቴን ጉልበት አድነውላታል።

ቤዛ፦ ስትሮክ ነው ያለችው፣ ጉልበት ምን አመጣው?

የቃሊቲ ልጅ፦ መርፌው ያው ነው።

ሳሚ፦ አባቴን ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ ወስጄው ነበር። ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ያለው ሰው የለም። ማታ ሸሚዙን ስናወልቅለት ክንዱ እስከ ክርኑ በልዞ ጠቁሯል። ስደውል «ደሙ ሲንቀሳቀስ ነው» አሉኝ። የአስር ቀን ክፍያም አስቀድመው ተቀብለውኛል!

ቤዛ፦ መለሱልህ?

ሳሚ፦ የት አባታቸው! ለቀጣዩ ዙር ቅናሽ እናደርጋለን አሉ።

ዳኒ፦ ቅናሹ ለሌላኛው ክንድ ነው?

አቢ፦ ቅድሚያ የሚቀበል ሁሉ እንዲሁ ነው። እኔንም ጂም ቤት በልቶኛል።

ሊሊ ዱባይ፦ ባለ እሾህ የጀርባ ምንጣፍ አለኝ፣ ከመርፌ ይሻላል። ኢንቦክስ።

ፊዚዮው፦ ምንጣፉን እንዳትሞክሪው ማሂ፣ የደነዘዘ ሰውነት መቁሰሉን አያውቅም። እናትሽ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪማቸውን አማክሪ። መርፌው ከታሸገበት ሲወጣ፣ ከተወጉም በኋላ ሲጣል በዓይንሽ እዪ። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት በፈረንጆቹ 2016 ላይ በስትሮክና በአኩፓንክቸር ዙሪያ የተሠሩ 31 ጥናቶችን አንድ ላይ ገምግሟል። ሊጠቅም ይችላል፣ ግን ጥናቶቹ ጥራት ስለሚጎድላቸው እርግጡን መናገር አይቻልም ነው ያለው። ስለዚህ ፊዚዮውን አታቋርጪ። ለትከሻው ደግሞ፦ ስታነሷቸው በታመመው እጅ አትጎትቷቸው። ሲቀመጡ ክንዳቸው አይንጠልጠል፣ ትራስ ላይ ይረፍ።

የቃሊቲ ልጅ፦ ጥናት ሌላ፣ ያየሁት ሌላ። አክስቴ አሁን ደረጃ ትወጣለች።

ዳኒ፦ አክስትህን ኮክሬን ይመዝግባት።

ማሂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለካ በዚያው እጇ ነበር የምናነሳት! አስፒሪን ትወስዳለች፣ ሐኪሟን እጠይቃለሁ። ጥሩነሽ ቤጂንግ በጠዋት ወረፋው እንዴት ነው?

ሳሚ፦ የትም ሂጂ፣ ብቻ ቅድሚያ እንዳትከፍይ።

ሊሊ ዱባይ፦ ምንጣፉ ሁለት ብቻ ቀርቷል።