ሲማሩ ይገባቸዋል፣ በሳምንቱ ይጠፋቸዋል፤ በጠመኔና በደብተር ብቻ ምን ይደረግ?

ጠመኔ (ደብረ ሲና)
ሰላም መምህራን። 9ኛ ክፍል ጂኦግራፊ ነው፤ በአንድ ክፍል 62 ተማሪ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። የአየር ንብረት ቀጠናዎችን የተማሩ ዕለት ሲጠየቁ ይመልሳሉ፤ በሳምንቱ ወይና ደጋ ከስንት ሜትር እስከ ስንት ሜትር እንደሆነ የሚናገር ይጠፋል። የሚያጠኑት ደብተር ደጋግሞ በማንበብና በማስመር ነው። ፕሮጀክተር የለም፣ ፎቶ ኮፒም እንደ ልብ አይገኝም። ፖርሽን ሳይጎተት የሚሠራ ዘዴ ካለ ጠቁሙኝ።

በረሳ (ደብረ ብርሃን)
መምህር፣ ጣጣው ያለው እዚያው ደጋግሞ ማንበቡ ላይ ነው። ዓይን ጽሑፉን ሲለምደው ተማሪው ያወቀ ይመስለዋል፤ ደብተሩ ሲከደን የሚያወጣው የለውም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድን አጭር ጽሑፍ ተማሪዎች ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላውን ደግሞ አንዴ አንብበው ያስታወሱትን ባዶ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደግሞ ማንበብ በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን የጻፉት 56 በመቶ፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ አስታወሱ። ስለዚህ በዕለቱ መመለሳቸው አያታልልዎ።

ክፍል እንደገቡ፣ ስም ከመጥራትዎ በፊት 4 ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ሁለቱ ካለፈው ክፍለ ጊዜ፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ከወር በፊት ከተማሩት። ደብተር ይከደን። ሩብ ሉክ ላይ 3 ደቂቃ በዝምታ ይጻፉ። ከዚያ እርስዎ መልሱን ይናገሩ፤ እያንዳንዱ የራሱን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ያርም። ከ7 ደቂቃ አይበልጥም፤ ፖርሽኑን የሚያስጎትተው ከፈተና በፊት የሚባክነው የከለሳ ሳምንት ነው።

ይህ ዘዴ የሚበላሽባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። ማርክ ከያዙበት ኩረጃ ይገባል፤ የኮረጀ ደግሞ ከጭንቅላቱ ምንም አላወጣም። እጅ እያስወጡ ከጠየቁ እነዚያው አምስት ልጆች ያስታውሳሉ፣ 57ቱ ያዳምጣሉ። ምርጫ ካደረጉት መልሱን አይቶ መለየት ብቻ ይሆናል፤ ባዶ ቦታ ሙላ ወይም አጭር መልስ ይሻላል። እርማቱን ለነገ ካሉት ደግሞ የተሳሳተው እንደ ተሳሳተ ያድራል።

መሐል ሜዳ
በረሳ ባለው ላይ የጊዜውን ነገር ልጨምር። ወዲያው የተጠየቀ ነገር ገና ስላልተረሳ ጭንቅላትን አያሠራም፤ በጣም ከዘገየ ደግሞ የሚወጣ ነገር አይኖርም። ትንሽ ሲደበዝዝ ነው መጠየቅ ያለበት። ሰኞ የተማሩትን ረቡዕ፣ ከዚያ በሳምንቱ፣ ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከዚያ በሁለት ወሩ ጠይቁ። ፈተናው እየራቀ ሲሄድ ክፍተቱም ይሰፋል።

ይህን በቃል መያዝ አስቸጋሪ ስለሆነ የጫማ ካርቶን ወስደው ለሦስት ይክፈሉት፦ “በየክፍለ ጊዜው”፣ “በየሳምንቱ”፣ “በየወሩ”። ጥያቄዎቹን በትንንሽ ወረቀት ጽፈው መጀመሪያው ክፍል ውስጥ ይክተቱ። ከ62ቱ ወደ 40 ያህሉ ሲመልሱት ወረቀቱን ወደ ቀጣዩ ክፍል ያሳልፉ፤ ካልመለሱት ከየትም ይሁን ወደ መጀመሪያው ይመለስ። ሐሳቡ ሴባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ካስተዋወቀው የካርድ ሣጥን የመጣ ነው፤ የእሱ ለአንድ ተማሪ ነበር፣ ይህ ግን ለሙሉ ክፍል ይሆናል። ስንቱ እንደመለሰ ለማወቅ እጅ አያስወጡ፣ ይዋሻሉ። የአንድ ረድፍ ሉክ ሰብስቦ ማየት ይበቃል፤ ረድፉን በየቀኑ ይቀያይሩ።

ቁልቁለት (ሸዋ ሮቢት)
ሁለታችሁም ስለ መጠየቅ አወራችሁ፤ መጀመሪያ የሚያዝበት ዘዴ ካልተስተካከለ ግን ጥያቄው ብቻውን አይበቃም። ቀጠናዎቹን “ከ1500 እስከ 2300”፣ “ከ2300 እስከ 3300” እያላችሁ ስታስጽፉ ተማሪው ብዙ ቁጥር ያለ ይመስለዋል። ድንበሮቹ አራት ብቻ ናቸው፦ 500፣ 1500፣ 2300፣ 3300። ሰሌዳ ላይ አንድ መሰላል ሥላችሁ አራቱን ቁጥሮች መወጣጫዎቹ ላይ ጻፉ፤ ከታች በረሃ፣ ከዚያ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ከላይ ውርጭ።

ከዚያ መሰላሉን ተማሪው በሚያውቀው መንገድ ላይ አስኪዱት። የመንዝ ጓሳ ከፍተኛው ክፍል ውርጭ። ደብረ ብርሃን 2800 ገደማ፣ ደጋ። ጣርማ በር የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ አልፎ ደብረ ሲናም ገና ደጋ ነው። ከዚያ በታች ያለው ቁልቁለት ወይና ደጋውን ያቋርጥና ሸዋ ሮቢት 1300 አካባቢ ሲደርስ ቆላ ይሆናል። በረሃው ከእኛ ዘንድ ስለሌለ ወደ አፋር ዝቅታ መውረድ ነው። በዚህ መንገድ በአይሱዙ ያልወረደ ተማሪ አይጠፋም ብዬ አልምልም፣ ግን ጥቂት ነው።

ጥሩ ወጥመድም እዚያው አለ። “ጣርማ በር ውርጭ ነው ወይስ ደጋ?” በሏቸው። ብርዱን አስበው ውርጭ ይላሉ፤ መኪና መንገዱ ግን ከ3000 ቢያልፍም 3300 ስለማይሞላ ደጋ ነው። ተሳስቶ የታረመበትን ተማሪ በቀላሉ አይረሳውም። “ለምን” የሚሉ ጥያቄዎችም ይያዛሉ፤ ለምሳሌ ደብረ ብርሃን ላይ የዘነበው በበረሳና በጃማ ወንዞች አድርጎ ዓባይ ሲገባ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ የዘነበው ለምን ወደ አዋሽ ይሄዳል?

የቃል ተማሪ
“ሽምደዳ” እየተባለ የሚናቀው የቄስ ትምህርት ቤት ዘዴ እኮ ይህንኑ ያውቅ ነበር። የቃል ትምህርት በጆሮ ይሰጣል፣ ያለ መጽሐፍ ይመለሳል፤ የትናንቱን ሳይመልስ አዲስ ቀለም የሚሰጠው የለም። 150ውን መዝሙረ ዳዊት በቃል የሚያስይዘው ገጹን ደጋግሞ ማየቱ አይደለም፤ መጽሐፉን ከድኖ ማለቱና ሲስት የሚያርመው ጆሮ ፊቱ መኖሩ ነው። ድክመቱ ትርጉሙ ሳይገባ ቃሉ ብቻ ሊያዝ መቻሉ ነው። ስለዚህ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡትን ጥንድ ያድርጓቸው፤ አንዱ ደብተር ይዞ ይስማ፣ ሌላው ያለ ደብተር በራሱ ቃል ለ1 ደቂቃ ይናገር፣ ከዚያ ይቀያየሩ። ሰሚው እየሰማ “ለምን?” ብሎ ቢያንስ አንዴ ያቋርጠው።

ጠመኔ (ደብረ ሲና)
አመሰግናለሁ። የጫማ ካርቶኑ በተለይ ይሠራል። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ባዶ ወረቀት የሚሰጡ ልጆችስ? የኋላ ወንበሮች ላይ ያሉ 15 ያህል ይሆናሉ።

በረሳ (ደብረ ብርሃን)
ባዶ ወረቀት ከሁለት ነገር ይመጣል። ጥያቄው ከብዷቸው ከሆነ መልሱን አይስጧቸው፤ ጫፉን ብቻ ያሳዩ። ሰሌዳው ላይ የመልሱን የመጀመሪያ ፊደል ይጻፉ፣ ካልሆነ ሁለተኛውን ይጨምሩ፤ “ወ…”፣ “ወይ…”። በጥቂት ፍንጭ የወጣ መልስም ከጭንቅላት የወጣ ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ ያለ ፍንጭ ይመልሱት። መጀመሪያውኑ ያልገባቸው ከሆነ ግን የሚያስታውሱት ነገር የለምና ጥያቄ መደጋገም ከንቱ ነው። ይህን ለመለየት በፍንጭም ያልጻፉትን ሁለት ሦስት ልጆች “የደጋ ሰው የሚያመርተው ምንድን ነው?” ዓይነት ቀላል ጥያቄ ጠይቀው ይስሟቸው። ገብስ ካሉ የጎደላቸው ቁጥሩ ብቻ ነው። ዝም ካሉ መሰላሉን ከእነሱ ጋር እንደገና ይሣሉ፤ በዚያን ጊዜ ጠመኔውን ለእነሱ ይስጧቸው።