ለሰርግም ለጃዝም የሚሆን የቴነር ማውዝፒስ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ቴነር ከአዲስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቴነር ሳክስፎን ነው የምጫወተው። መሣሪያዬ ያማሃ ነው፤ ማውዝፒሱም፣ ማለትም አፍ ውስጥ ገብቶ የሚነፋበት ጫፉ፣ አብሮት የመጣው 4ሲ የሚባለው ነው። በሳምንቱ መሀል አንድ ሆቴል ውስጥ ኢትዮ ጃዝና የቆዩ የትዝታ ዜማዎች እንጫወታለን። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ነው። ሆቴሉ ላይ ድምፅህ ቀጭን ነው ይሉኛል። ሰርግ ላይ ደግሞ ጭራሽ አልሰማም፤ ኪቦርዱና ድራሙ ይውጡኛል።

የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ከአሜሪካ ትመጣለች። አንድ ማውዝፒስ ይዤልህ እመጣለሁ ብላለች። አንድ ብቻ ነው እንግዲህ፣ ከዚያ በላይ መጠየቅ ይከብደኛል። እዚህ እየሞከርኩ መምረጥ አልቻልኩም። ሜታል ይሻለኛል ወይስ ጥቁሩ ጎማ? ቁጥሩስ ስንት ይሁን? ጥር ሳይገባና ሰርጉ ሳይደራ ብለምደው ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ሸምበቆ

ወንድሜ፣ ሜታል ወይስ ጥቁር የሚለውን ለጊዜው ተወው። ድምፁን በዋናነት የሚወስነው የውስጡ ቅርፅ ነው። 4ሲህን አውልቅ፣ ሪዱን (የሚርገበገበውን ቀጭን ሸምበቆ) አንሳለት፣ ወደ መስኮት አዙረህ ውስጡን እየው። ከጫፉ ጀምሮ ከሪዱ ትይዩ ያለው ጣሪያ ባፍል ይባላል። ባፍሉ ከፍ ብሎ ለሪዱ ከተጠጋ አየሩ በጠባብ መንገድ ይሮጣል፤ ድምፁ ስል ይሆናል። ዝቅ ካለ ድምፁ ይለሰልሳል። ከዚያ በስተጀርባ ያለው ክፍት ቦታ ቻምበሩ ነው። ሰፊ ቻምበር ወፍራምና ጠቆር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ጠባቡ ደግሞ ሰብሰብ ያለ ብሩህ ድምፅ።

ሰው «ሜታል ይጮኻል» የሚለው ብዙዎቹ ሜታሎች ባፍላቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ነው። ኦቶ ሊንክ የሚባለው ፋብሪካ የሚሠራው ሱፐር ቶን ማስተር ሜታል ነው፣ ግን ቻምበሩ ሰፊ ነው፣ ድምፁም ወፍራም። የጃዙ ቴነር ነፊ ጆን ኮልትሬን በሜታል ሊንክ ነው የሚታወቀው፤ ያን ድምፅ ማን ቀጭን ይለዋል? በተቃራኒው ባፍሉ የተቆለለ ጥቁር ማውዝፒስ ጆሮ ይበሳል።

ቀጥሎ የጫፉ ክፍተት ነው። በሪዱ ጫፍና በማውዝፒሱ ጫፍ መካከል ያለው ርቀት ማለት ነው። የአንተ 4ሲ ለጀማሪ የታሰበ ስለሆነ ጠባብ ነው፤ 2 ሚሊሜትር አይሞላም። ለዚህ ነው አየር ስትጨምርበት ድምፁ ከማደግ ይልቅ የሚታነቀው። ኦቶ ሊንክ 7* ላይ ግን ክፍተቱ 105 ሺኛ ኢንች ነው፣ ወደ 2.67 ሚሜ። ከ4ሲ ቀጥታ ወደዚያ ብትዘል ከንፈርህ ከአንድ ሙዚቃ በኋላ ይዝላል። 6 ወይም 6* ይበቃሃል። 6* ማለት 95 ሺኛ ነው፣ 2.4 ሚሜ ገደማ።

የፋብሪካዎቹ ቁጥር እንደማይመሳሰል ደግሞ ልብ በል። የአንዱ 5 የሌላው 7 ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ሺኛውን ወይም ሚሊሜትሩን ጠይቅ።

መልስ፦ የሰርግ ንፊያ

ጋሽ ሸምበቆ ያሉት ለሆቴሉ ልክ ነው። ሰርግ ግን ሌላ ዓለም ነው። ድንኳን ውስጥ ድምፅህን የሚመልስ ግድግዳ የለም። ኪቦርዱ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ይገባል፣ አንተ በማይክ። ጭፈራው ሲግል ሰፊ ቻምበር ያለው ማውዝፒስ ድምፅ ከቤዙና ከኪቦርዱ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። የምትፈልገው ሰንጥቆ የሚወጣ ድምፅ ነው።

እኔ በርግ ላርሰን በሚባለው ማውዝፒስ ነው የምነፋው። በላዩ ላይ 100/1 ወይም 110/2 የሚል ታገኛለህ። የመጀመሪያው ክፍተቱ ነው፣ በሺኛ ኢንች። ሁለተኛው ከ0 እስከ 3 ነው፤ 0 በጣም ብሩህ፣ 3 በጣም ጠቆር ያለ። እንደ ሌላው ቁጥር ማደናገር የለም። የጃዙ ቴነር ነፊ ሶኒ ሮሊንስም በርግ ላርሰን የነፋበት ዘመን አለ፤ ስለዚህ ለጭፈራ ብቻ ነው እንዳትሉኝ። 100/1 ብትይዝ ሰርጉን ትጨርሳለህ፣ ሆቴሉ ላይ ለስለስ ያለ ሪድ ታደርግና ቀስ ብለህ ትነፋለህ።

ዱኮፍ የሚባለውን ሜታል ግዛ የሚሉህም ይኖራሉ። ቴነር ነፊው ማይክል ብሬከር በአንድ ዘመን ነፍቶበታል፤ በአልቶ ደግሞ ዴቪድ ሳንቦርን። ስለታሙ እውነት ነው። ግን ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ጫፉ በቀላሉ ይጫራል። ያገለገለ ዱኮፍ በሻንጣ ተጠቅልሎ ሲመጣልህ በምን ሁኔታ እንደሚደርስ አስበው።

መልስ፦ ሸምበቆ

የሰርግ ንፊያ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሰርግ ላይ የማይሰማው ሳክስ አብዛኛውን ጊዜ የድምፅ ባለሙያው ጉዳይ ነው። ብሩህ ማውዝፒስ ትሬብሉ በተጫነበት ስፒከር ሲወጣ ቢላ ነው። አሮጊቶቹ ጆሯቸውን ይዘው ሲነሱ አይቻለሁ። በመጀመሪያ ማይኩን ወደ ደወሉ አፍ ብቻ አትደቅነው። የሳክስ ድምፅ ከተከፈቱት ቀዳዳዎች ሁሉ ይወጣል። ትንሽ ራቅ አድርገህ ወደ መሀሉ ቁልፎች አዘንብለው። ለድምፅ ባለሙያውም ሳውንድ ቼክ ላይ የሙዚቃህን ከፍተኛውን ክፍል ንፋለት፤ ለስላሳውን ነፍተህለት ጭፈራ ሲጀመር ብትጮኽበት ያወርድሃል።

ሽለላን በቴነር መጫወት ስናነሳ ጌታቸው መኩሪያን ሳንጠቅስ አናልፍም። ያ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚፎክር ድምፅ ያስደነግጣል፣ ግን ቀጭን አይደለም። ሥጋ አለው። ፉከራ የሚሻ ሰው ስል ማውዝፒስ ከመፈለግ ይልቅ አየሩንና ጉሮሮውን ይሥራ። እየነፋህ በጉሮሮህ ድምፅ አውጣ፣ ዝም ብለህ አጉረምርም፤ ሳክሱ ያገሳልሃል። በ4ሲህም ዛሬ ማታ ልትሞክረው ትችላለህ።

መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ እዚህ መሣሪያ እጠግናለሁ፣ ስለ ግዢው ልበልህ። የአክስትህ ልጅ ሙዚቀኛ ካልሆነች የሚመለስ ዕቃ ከሚቀበል ቦታ ትግዛ። በጣም ርካሽ የሆነ ስም የለሽ ሜታል ከኢንተርኔት እንዳታዝ ንገራት። እንደዚህ ያሉት እጄ ሲገቡ ሪዱ የሚያርፍባቸው የግራና የቀኝ ጠርዞች እኩል ሳይሆኑ አያለሁ፤ ሪዱ በአንዱ ጎን ብቻ ይዘጋል። ከዚያ ነፊው ሪድ እየቀያየረ ዓመቱን ይጨርሳል።

ሲደርስህ እንዲህ ፈትሸው። ሪዱን በደንብ አርጥበህ እሰረው። የሳክሱ አንገት ቡሽ የሚገባበትን ቀዳዳ በመዳፍህ ግጥም አድርገህ ዝጋ። በአፍህ አየሩን ሳበውና ልቀቀው። ሪዱ ለአፍታ ተጣብቆ ቆይቶ «ፖፕ» ብሎ ከተከፈተ ጎኖቹና ሪዱ የሚታሰርበት ጠፍጣፋ መሬቱ ደህና ናቸው። ወዲያው ከለቀቀ ሌላ ሪድ ሞክር። እሱም ከለቀቀ ማውዝፒሱን ተጠራጠር።

ሌላው የሚረሳ ነገር ሊጌቸር፣ ማለትም ሪዱን ማውዝፒሱ ላይ የሚያስረው ቀለበት ነው። ሜታል ማውዝፒስ ከጥቁሩ ይቀጥናል፤ የ4ሲህ ሊጌቸር አይይዘውም። ሜታል ከገዛችልህ ከነሊጌቸሩና ከነክዳኑ ይሁን። አለበለዚያ ዕቃው ይመጣል፣ አንተ ግን መንፋት አትችልም።

ጥቁሩን ደግሞ በሙቅ ውኃ አትጠበው። ጥቁር ጎማው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ የድኝ ሽታም ያመጣል። ለብ ያለ ውኃና ትንሽ ሳሙና ይበቃዋል።

መልስ፦ ክላሲካል ወዳጅ

በአጭሩ፦ 4ሲውን እንዳትሸጠው። ኖታ ይዘህ ከፒያኖ ጋር ወይም በሳክስፎን ኳርቴት ውስጥ የምትጫወት ከሆነ ጠባብ ክፍተት ነው የሚፈለገው፤ ሰልመር ኤስ80 ሲ* ብዙ ተማሪ የሚነፋበት ነው። በእነዚያ ላይ በዝቅተኛ ድምፅ መጀመርና በዝቅተኛ ድምፅ መጨረስ ይቀላል። ሰፊ ክፍተት ላይ የታችኛውን ሲ በሹክሹክታ አስጀምር ብትባል ያኔ ይገባሃል።

ጥያቄ፦ ቴነር ከአዲስ

እግዜር ይስጥልኝ። ልቤ ወደ ሊንክ አደላ። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ሆቴሉ ላይ ክራርና ማሲንቆ አብረውን አሉ። አንቺ ሆዬ ስንጫወት ከማሲንቆው ጋር ሁልጊዜ ትንሽ እንለያያለን። ይህ በማውዝፒስ ይስተካከላል ወይስ ይብሳል?

መልስ፦ ሸምበቆ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሊስተካከልም ሊብስም ይችላል። አንቺ ሆዬ ውስጥ ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ፤ ከሲ ብትጀምር ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። የማሲንቆ ተጫዋቹ ዲ ፍላቷን በጣቱ ወደ ፈለገበት ይወስዳታል። የፒያኖ ልክ አያስጨንቀውም። አንተ ደግሞ በከንፈርህ መከተል አለብህ። ሰፋ ያለ ክፍተትና ለስለስ ያለ ሪድ ኖታ ማጠፍ ያቀልልሃል። ችግሩ ሳትፈልግም ይታጠፋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከክራሩ ጋር ረጃጅም ድምፆች ብቻ ያዝ፣ ጌጥ አታብዛ።

ከፍ ያለ ባፍልና ጠባብ ቻምበር ላይ የላይኛው ኦክታቭ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ማውዝፒሱን ከቡሹ ብዙ ማውጣት ትገደዳለህ። ሰፊ ቻምበር ላይ በተቃራኒው ወደ ውስጥ ይገባል። ሊንክ ስትገጥም የ4ሲውን ምልክት ቡሹ ላይ አትከተል፣ በቲዩነር እንደ አዲስ ፈልገው።

መልስ፦ የሰርግ ንፊያ

እሺ፣ ተሸነፍኩ አልልም ግን ለአንድ ማውዝፒስ ብቻ ከሆነ ሊንኩ ያስኬዳል። ወደፊት ገንዘብ ሲገኝ በርግ ጨምር። ሪዱን ብቻ አደራ። በ4ሲህ ላይ 3 ቁጥር ትነፋ ከነበረ በ6* ላይ ከ2 ተኩል ጀምር። ክፍተት ሲሰፋ ሪድ ይሳሳል። ከማውዝፒሱ ጋር አንድ ሙሉ ሳጥን ታምጣልህ፣ ክብደቱ ምንም አይደለም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው፤ በሁለቱ ዘፈን መሀል ክዳን ካልደፋህበት የሪዱ ጫፍ ደርቆ ይወዛወዛል።

መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ

ቴነር፣ ለልጅቱ የምትልክላት ጽሑፍ ይኸው፣ ገልብጠህ ላክላት፦ «ኦቶ ሊንክ ቶን ኤጅ፣ ለቴነር፣ ጥቁር ጎማ፣ 6*፣ ከነሊጌቸሩና ከነክዳኑ። የቴነር ሪድ 2 ተኩል፣ አንድ ሳጥን።» «ለቴነር» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምርበት፤ ሱቅ ውስጥ የአልቶውም በዚያው ስም ከጎኑ ይደረደራል። ሲደርስህ ቡሹ ላይ ከላላ አንድ ዙር ቀጭን ወረቀት ጠቅልልበት፤ ከጠበቀ ግን በጉልበት አትግፋው፣ ቡሹን በቅባት አለስልስና በቀስታ እያዞርክ አስገባ። አሁንም ካልገባ ቡሹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት የሚያሳሳልህ ጠጋኝ ፈልግ።