ለአራት ዓመት ልጅ የመዝፈኛ ድምፅ ማጉያ በቤት ውስጥ ስሠራ ምን ልጠንቀቅ?

የሚጣ አባት፣ ማራኪ

ጤና ይስጥልኝ። የአራት ዓመት ልጄ ከጥምቀት ወዲህ የወጥ ጭልፋ ይዞ መዝፈንን ሥራዬ ብላ ይዛዋለች። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከአጃቢው ሕዝብ መሃል አንድ ወጣት ማይክ ይዞ ሲዘምር አይታ፣ ድምፁ ከአፉ ወጥቶ ከሌላ ቦታ መሰማቱ ስለ ገረማት፣ ጭልፋው ለምን እንደዚያ እንደማያደርግ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

መጀመሪያ ገበያ ወጥቼ የተዘጋጀ የአሻንጉሊት ማይክ ገዛሁላት፤ ባልገዛሁት ይሻል ነበር። ድምፁ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ነበር፤ ቻርጅ ሲደረግም እጅ እስኪያቃጥል ይሞቃል። ከሁሉ የከፋው ግን የባትሪው ክዳን ብሎን የሌለውና በጥፍር የሚከፈት መሆኑ ነው። በሦስተኛው ቀን የአንድ ዓመት ተኩሉ ወንድሟ የጌጥ መብራቱን ክብ ባትሪ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ደረስሁበት። ዕቃው በዚያው ዕለት ከቤት ወጣ፤ ለልጅቱ ግን ሌላ እንደምሠራላት ቃል ገብቼ ነው ለቅሶዋን ያስተውኋት።

አሁን በእጄ ያለው፣ ፓም 8403 የሚባለው ትንሽ የአምፕሊፋየር ቦርድ፣ ከአሮጌ ቴሌቪዥን የፈታኋቸው ባለ 4 ኦምና ባለ 3 ዋት ሁለት ስፒከሮች፣ ዘፈን ከሚሞሪ ካርድ የሚያጫውት ቦርድ፣ ማክስ 9814 የሚባል ማይክ ከነማጉያው፣ ከተበላሸ ላፕቶፕ የወጡ 18650 የሚባሉ ሁለት ቱቦ መሰል ዳግም የሚሞሉ ባትሪዎችና ቲፒ 4056 የሚባለው የባትሪ መሙያ ነው። ሽቦ መበየድ እችላለሁ፤ ሒሳቡን ግን አላውቅበትም። ሁለት ስፒከር ለአንዲት ልጅ ይበዛ እንደሆነ፣ ባትሪዎቹ የሚታመኑ ይሁኑ አይሁኑ፣ ሣጥኑም ምን ዓይነት ቢሆን ለሁለቱም ልጆች እንደማያሰጋ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ራዲዮ ጠጋኙ፣ ፒያሳ

ወንድሜ፣ ይበዛል። ሁለቱ ቀርተው አንዱም ይበዛል።

እንዲህ ዓይነት ትንንሽ ስፒከሮች 1 ዋት ሲሰጣቸው በ1 ሜትር ርቀት ላይ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ያሰማሉ። ርቀቱ በግማሽ ባጠረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጨመርበታል፤ ስለዚህ በ50 ሴንቲ ሜትር 91፣ ልጅቱ ሣጥኑን አቅፋው ጆሮዋ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ደግሞ 97 ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2011 ዓ.ም. ባወጡት መመዘኛ ለልጆች የተቀመጠው ጣሪያ 75 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። መመዘኛው ከስልክና ከመሳሰለው ለሚደመጥ ድምፅ የወጣ ቢሆንም ጆሮ ያው ጆሮ ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 78 ላይ 20 ሰዓት፣ 81 ላይ 10 ሰዓት እያለ ወርዶ 97 ላይ ለሳምንቱ በሙሉ የሚተርፈው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ከቁርስ በፊት ትጨርሰዋለች።

እስቲ ወደ ኋላ እናስላው። በ50 ሴንቲ ሜትር 91 የሆነውን ወደ 75 ለማውረድ 16 ዴሲቤል መቀነስ ያስፈልጋል፤ ይህም ኃይሉን 40 ጊዜ ማሳነስ ማለት ነው። ልጅዎ የምትፈልገው አማካይ ኃይል እንግዲህ የ1 ዋት አርባኛ ነው። ስፒከሩ ላይ 3 ዋት ተብሎ መጻፉ የሚችለውን ይነግረናል እንጂ የሚገባውን አይነግረንም።

ይህ ቅነሳ ደግሞ በምክር ሳይሆን በሽቦ መደረግ አለበት፤ ቮልዩም ያለበትን ዕቃ ልጅ እስከ መጨረሻው ማዞሯ አይቀርም። ከዘፈኑ ቦርድ የሚመጣውን በ47 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከማይኩ የሚመጣውንም በሌላ 47 ኪሎ ኦም አሳልፈው ሁለቱን ባለ 10 ኪሎ ኦም ቮልዩም አናት ላይ ያገናኟቸው፤ የቮልዩሙ መሃለኛ እግር ወደ አምፕሊፋየሩ ይሂድ። በዚህ አሠራር ድምፁ ከ16 ዴሲቤል በላይ ይቀንሳል፤ ልጅቱ ማዞሪያውን እስከ ጥጉ ብታዞረውም ይህ ቅነሳ አይነሣም። አሁንም ከበዛ 47ቱን በ100 ይለውጧቸው። ከማይኩ ቦርድ በሚወጣው መስመር ላይ የ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማስገባት አይርሱ፤ ያ ቦርድ ከድምፁ ጋር 1.25 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚልክ፣ ካፓሲተሩ ከሌለ ቮልዩሙ በተነካ ቁጥር ይንኳኳል።

አንድ ስፒከር ብቻ ያስሩ፤ ባለ 8 ኦም ካገኙ ከባለ 4 ኦሙ ይመረጣል፤ በዚያው ቮልት ግማሹን ኃይል ብቻ ይወስዳልና። የፓም 8403 የስፒከር መውጫዎች ሁለቱም ጫፋቸው የሚሠራ ስለሆነ፣ ጥቁሩ ገመድ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። ስንት ቦርድ በዚህ ምክንያት ተቃጥሎ ጠረጴዛዬ ላይ እንደመጣ እኔ አውቃለሁ።

ማይኩ ማፏጨቱ አይቀርም። ማክስ 9814 ዝምታ ሲሆን ራሱን ከፍ፣ ጩኸት ሲሆን ዝቅ የሚያደርግ ስለሆነ፣ ልጅቱ ትንፋሽ ስትወስድ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ይለቅመዋል። ጌን የሚለውን እግሩን ከፖዘቲቩ ጋር ያገናኙት፤ ሳይገናኝ ሲቀር 60 ዴሲቤል የሚያጎላው ያን ጊዜ ወደ 40 ይወርዳል። ስፒከሩን በሣጥኑ ጀርባ፣ ማይኩን በፊት በኩል ያድርጉ።

ስለ ባትሪው፣ ከላፕቶፕ የወጣ ባትሪ ስንት ዓመት እንደሠራና ምን እንደደረሰበት ማንም ስለማያውቅ ለልጅ ዕቃ አላስገባውም። አዲስ ሲገዙ 9900 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ካዩ ይለፉት፤ በዚህ መጠን የሚሠራ ባትሪ ከ3500 እምብዛም አያልፍም። አንድ ይበቃዎታል፤ ይህን ዕቃ ከ10 ሰዓት በላይ ያዘፍነዋል። ቲፒ 4056ቱ ባትሪው ላይ ጉዳት እንዳይደርስ የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚቆርጠው፣ ስድስት መበየጃ ጫፍ ያለው ዓይነት ይሁን፤ ባለ አራቱ መከላከያ የለውም። ቻርጅ የሚደረገው ልጆቹ በሌሉበት፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ በስልክ ቻርጀር ነው። 220 ቮልት ሣጥኑ ውስጥ በምንም ምክንያት አይግባ።

የአንገረብ ልጅ

በመሃል ስለገባሁ ይቅርታ። ከባትሪና ከመሙያ ጋር ከመታገል ፓወር ባንክ ሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ አይሻልም?

ራዲዮ ጠጋኙ፣ ፒያሳ

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ታሽጎ የተሠራ ስለሆነ ለደኅንነትም የተሻለ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች የሚወሰድባቸው ኃይል በጣም ሲያንስ ስልኩ የሞላ መስሏቸው ራሳቸውን ማጥፋታቸው ነው። ዕቃችን ደግሞ የሚወስደው ጥቂት ነው። ልጅቱ ለአንድ ደቂቃ ዝም ባለች ቁጥር እየጠፋ ያስለቅሳታል። የማያጠፋ ካገኙ ግን እርሱን ይምረጡ።

ነርሷ እህታችሁ

የሕፃናት ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የሚጣ አባት፣ ያንን ክብ ባትሪ ከአፉ በፊት መያዝዎ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ጉሮሮ ላይ ሲቀር በምራቁ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፍና የነካውን ሥጋ ያቃጥላል፤ ከባድ ጉዳት ለማድረስ 2 ሰዓት ይበቃዋል። መብራት ማብራት ያቃተው "ያለቀ" ባትሪም ለዚህ የሚሆን ኃይል አያጣም። ልጅ ውጦታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስመልሱት፤ ምልክት እስኪያሳይም አትጠብቁ፤ በዚያው ቅጽበት ራጅ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። በዚህ ሣጥን ላይ የጌጥ መብራት ካማራችሁ ከዋናው ባትሪ ይብራ እንጂ ክብ ባትሪ አይግባበት።

ክዳኑን በትንንሽ ማግኔት ለመግጠም የሚያስብም ይኖራል። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ መሃል ላይ ተጣብቀው ሊበሱት ስለሚችሉ ይህም ይቅር።

አሻንጉሊት ለሚመረምሩ ሰዎች ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚያገለግል፣ የውስጥ ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር የሆነ መመርመሪያ ቱቦ አላቸው፤ ተጨንቆ ሳይገፋ ቱቦው ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር ሁሉ ሊያንቅ ይችላል ተብሎ ይወሰዳል። እኛ ቤት የሽንት ቤት ወረቀት የተጠቀለለበት የካርቶን ቱቦ ይሠራልናል፤ ከመመርመሪያው ትንሽ ስለሚሰፋ ጥንቃቄው ይበልጣል። ከሣጥኑ ሊወልቅ የሚችለውን ሁሉ አንድ በአንድ ጣሉበት። ትልቋ ልጅ ዕቃ አፏ ባታስገባም ታናሹ ያስገባል፤ መለኪያው እርሱ ነው።

የማይኩ ገመድ ደግሞ አንገት ላይ የሚዞር ርዝመት አይኑረው፤ መጨረሻውም ሲሳብ በቀላሉ በሚወጣ የጆሮ ማዳመጫ ሶኬት ይሰካ እንጂ አይበየድ። ስትበይዱም እርሳስ የሚባለው ብረት የተቀላቀለበት የብየዳ ሽቦ ፍርፋሪ ወለል ላይ እንዳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉ፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ ልጅ አታንሡ።

ራዲዮ ጠጋኙ፣ ፒያሳ

እህቴ ያሉት ልክ ነው፤ ነገር ግን ገመዱ ካጠረ ማይኩ ወደ ስፒከሩ ቀርቦ ያፏጫል ብዬ እኔ ረጅም ገመድ ልመክር ነበር። ምክሬን ትቼዋለሁ። ድምፁ ከሥሩ ስለተቀነሰ ፉጨቱም አብሮ ይቀንሳል።

አናጢው፣ አዘዞ

ሣጥኑን ለእኔ ተዉት። ቺፑድ አትጠቀሙ፤ ብሎን ሁለቴ ሲፈታና ሲገጠም እየፈረሰ ይላላል፤ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ልል ብሎን አያስፈልግም። ዋንዛ ይሻላል፤ ክራርና መሰንቆ የሚሠራበት እንጨት ስለሆነ ለድምፅም አይከፋም፤ ሲላግ ይለሰልሳል፤ ስንጣሪውም ጥቂት ነው። ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ አታወፍሩት፤ ሣጥኑ ከጠረጴዛ ላይ እግር ላይ ቢወድቅ የሚያሳዝነው ክብደቱ ነው። ጠርዞቹን ሁሉ በሞረድ አክብቡና በብርጭቆ ወረቀት ጨርሷቸው፤ የእጅ መዳፍ ወዲያና ወዲህ ተንሸራቶ ምንም ካልያዘው በቂ ነው።

ሣጥኑን ከውስጥ በእንጨት ግድግዳ ለሁለት ከፍላችሁ ባትሪውንና መሙያውን በአንዱ፣ ስፒከሩን በሌላው አስቀምጡ። የታችኛው ክዳን በአራት ብሎን ይታሰር፤ ያለ ካቻቢቴ የሚከፈት አይሁን። ሚሞሪ ካርዱም ከውስጥ ይቅር፤ ከጥፍር ብዙም አይበልጥምና። ስፒከሩን በጨርቅ ብቻ አትሸፍኑት፤ እርሳስ ይወጉበታል። ቀዳዳው የሕፃን ጣት የማያሳልፍ የተበሳ ቆርቆሮ ከውስጥ በኩል ግጠሙ፤ የቆርቆሮው ስለት እንጨቱ ውስጥ ይደበቅ። ቫርኒሹ ደርቆ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ልጅ እጅ አይግባ።

የሚጣ አባት፣ ማራኪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ስፒከሩን አንድ አደረግሁ፤ ባትሪውን አዲስ ገዛሁ፤ ሬዚስተሮቹን በ47 ጀምሬ ስልኬ ላይ ባለው የድምፅ መለኪያ ስለካው በልጅቱ ጆሮ ቦታ 80 ገደማ ስላሳየኝ ወደ 100 ቀየርኋቸው። የስልክ መለኪያ በትክክለኛ መሣሪያ ካልተስተካከለ እንደማይታመን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቁጥሩ ከ75 በታች ሲወርድ፣ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጬ ከእናቷ ጋር ድምፄን ከፍ ሳላደርግ መነጋገር መቻሌን አይቼ ተቀበልሁት። ፉጨቱ ጌኑን ዝቅ ሳደርገውና ስፒከሩን ወደ ጀርባ ሳዞረው ጠፋ፤ አሁን የሚያፏጨው ማይኩን ሆን ብላ ቆርቆሮው ላይ ስትለጥፈው ብቻ ነው፤ ይህንንም በሁለተኛው ቀን አግኝታዋለች።

የማይኩን እጀታ ከዋንዛ ቁራጭ በጭልፋ ቅርጽ ጠርቤ አፉን በማጥለያ ሸፈንሁት። ድምፁ ከአሻንጉሊቱ ያንሳል ብላ ለአንድ ከሰዓት በኋላ አኩርፋኝ ነበር፤ አያቷ ከጓዳ ሆነው የዘፈነችውን መልሰው ሲያዜሙላት ግን ኩርፊያው ቀረ።

የካርቶን ቱቦውን ፈተና ያላለፈው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ የቮልዩሙ ማዞሪያ። ጠበቅ ብሎ የገባ መስሎኝ ነበር፤ ታናሹ ግን በአንድ ጉተታ ነቀለው፤ ቱቦው ውስጥ ስጥለውም ሳይነካካ ታች ደረሰ። ከቱቦው የሚሰፋ የእንጨት ማዞሪያ ጠርቤ ከጎኑ በብሎን ካሰርሁት በኋላ፣ ያንኑ ልጅ እንዲጎትተው ሰጠሁት። እየታገለ ነው።