ሌዚክ፦ ከስተሙ ከመደበኛው በምን ይሻላል?

ብርሃን_27
ሰላም ናችሁ? ማይነስ 4 ነኝ (ሩቅ አይታየኝም)፣ ትንሽ አስቲግማቲዝምም (የኮርኒያ፣ ማለትም የዓይን ፊተኛ ግልጽ ሽፋን፣ ቅርጽ መዛባት) አለብኝ። መነጽር ሰልችቶኛል። ዶክተሩ መደበኛ ሌዚክም (ኮርኒያን በሌዘር ቀርጾ እይታን የሚያስተካክለው ቀዶ ጥገና) ከስተም የሚሉትም ይሆንሻል አለኝ፣ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ልዩነቱ የምር ነው ወይስ ገንዘብ መሰብሰቢያ?

የማታ_ሹፌር
እኔ መደበኛውን ነው ያሠራሁት፣ ቆየት ብሏል። ቀን ላይ እንከን የለውም። ማታ ግን ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ዙሪያውን ቀለበት ይሠራብኛል፣ ሲዘንብ ደግሞ ይብሳል። ማታ የምትነጂ ከሆነ አስቢበት።

መነጽር_ለኪ
ገንዘብ መሰብሰቢያ እንኳን አይደለም፣ ግን የሚወራለትንም ያህል አይደለም። መደበኛው የሚያስተካክለው መነጽርሽ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። ከስተሙ ብርሃን ዓይንሽ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ የት የት እንደተዛባ ይለካና፣ በመነጽር የማይስተካከሉትን ጥቃቅን መዛባቶች ጭምር ለማረም ይሞክራል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ሰሌዳ ላይ 20/20 በማንበብ ሁለቱ ብዙም አይበላለጡም። ልዩነት ካለ የሚታየው ማታ ነው፣ ምክንያቱም ጨለማ ውስጥ ብሌን ሲሰፋ ብርሃኑ በኮርኒያው ጠርዝ በኩልም ይገባል፣ መዛባቱ የሚበዛው ደግሞ እዚያ ነው። ቀዶ ጥገናው ራሱ አዲስ መዛባት ስለሚፈጥር፣ በከስተም ቀለበት የሚባል አይታይሽም ብሎ የሚምልልሽን አትመኚው። ደግሞ የዛሬው "መደበኛ" የድሮው አይደለም፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ሌዘሩን ጠርዙ ላይ ጨመር አድርገው ስለሚተኩሱ የየማታ_ሹፌር ዓይነት ችግር ቀንሷል። የማሽኑን ዓይነት ጠይቂ።

ብርሃን_27
ኮርኒያሽ ሳሳ ይላልም ብሎኛል። ይሄስ?

መነጽር_ለኪ
እንዴ፣ ዋናውን ለመጨረሻ አቆየሽው! በ6 ሚሊሜትር ስፋት ለአንድ ማይነስ ከኮርኒያው ወደ 12 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ይላጣል፣ ላንቺ ወደ 50 መሆኑ ነው። ከስተም ከዚያም ትንሽ ይጨምራል። ክዳኑ (ሌዘሩ ከሥር እንዲሠራ ተቆርጦ የሚገለጠው የኮርኒያ ስስ ሽፋን) ብቻውን 100 ገደማ ይወስዳል፣ ከሥር ደግሞ ቢያንስ 250 መቅረት አለበት። የኮርኒያሽን ውፍረት በቁጥር ተቀበይና ከእነዚህ ድምር ጋር አወዳድሪው። ካልበቃ የከስተምና የመደበኛ ክርክሩ ይቅርና ሌዚኩ ራሱ ይቅርብሽ፣ ያለ ክዳን የሚሠራውን ጠይቂ።

ደረቅ_ዓይን
ለዓይን ድርቀት ሁለቱም ያው ናቸው፣ የኮርኒያ ነርቮች በዋናነት የሚቆረጡት ክዳኑ ሲቆረጥ ነው። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጊ ከሆነ ከልኬቱ በፊት አውልቂው፣ ለስላሳውን 2 ሳምንት፣ ጠንካራውን ከዚያም በላይ። ሌንስ የኮርኒያን ቅርጽ ይቀይራል፣ ከስተም ደግሞ ሥራው ሁሉ ልኬቱ ላይ ነው የተንጠለጠለው።